የሜዳ ሹመትና የመዝገብ ሹመት፤ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሕይወት የምንማረው



በለቅሶ ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም ጸጥ ብለን እናዳምጣለን። የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ ይነበባል። ሟቹ ወታደር የነበረ እንደ ሆነ ደግሞ የዘመተበት ግንባርና የተሸለመው ሜዳሊያ ይጠራል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ አባታችን በጦር ሜዳ ተሸልሟል ይላሉ፤ ጎረቤቱም አዎን ሰምተናል ይላል፤ ወረቀቱ ሲፈለግ ግን የለም። በማህደሩ ውስጥ ሽልማቱ አልተጻፈም። ይጨመርልኝ ብሎ ያመለከተም ሰው፣ የነበሩት ምስክሮች ስለ ሞቱ ብዙ ተመላልሶ ሳይሳካለት ያልፋል። እንግዲህ በዚህ ዓመት ይህን ጉዳይ ለመነጋገሪያ ያመቸን ዘንድ፣ ስሙን የማያውቅ የሌለውን የጎጃሙን አርበኛ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ሕይወት መርጠናል። ሕዝብ የሚወደውን ጀግና አንተ ብሎ ስለሚጠራ እኛም እንደ ሕዝቡ አንተ እያልን ጽፈናል፤ ድፍረት ተደርጎ አይታይብን።

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው ይባላሉ። የልጅነት ዕድሜው በዓባይ ግራና ቀኝ፣ በጎጃምና በወሎ ወሰን ያለፈ ነው። ባሻ ዘለቀ ከመንግሥት ሰዎች ጋር በተነሣ ጠብ ሲገደሉ በላይና ወንድሙ እጅጉ ገና ልጆች ነበሩ። አባቱ የተገደለበት ልጅ በዚያን ጊዜ አገር ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። ደም መመለስ ነበረበትና በላይም ሸፈተ። ጠመንጃ መተኮስን፣ ገደል ለገደል መሄድን፣ በትንሽ ሰው ብዙውን ማስጨነቅን የተማረው በዚህ የሽፍትነት ዘመን ነው። ጦር ትምህርት ቤት አልገባም፤ የደሞዝ መዝገብም ላይ ስሙ አልነበረም። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። በየጠቅላይ ግዛቱ የነበረው ሰው በሁለት ተከፈለ። አንዱ ገባ፣ አንዱ ዱር ወጣ። በጎጃምም የአገሩ ባላባት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከኢጣሊያኖች ጋር ሲሰለፉ በላይ ዱሩን መረጠ። ቢቸናንና የዓባይን በረሃ መነሻ አድርጎ ጠላትን መውጫ መግቢያ አሳጣው። አባ ኮስትር የሚለው ስሙ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀን በምሽግ፣ ሌሊት በመንገድ እያደባ፣ ከጠላት በማረከው ጠመንጃ ሌላ ሰው እያስታጠቀ ጭፍራውን አበዛ። ጠላት በአውሮፕላን ቦምብ ጥሎበታል፤ ባንዳም አሰማርቶበታል። አምስቱን ዓመት በሙሉ ግን አልተያዘም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ዱር ያለ ጦርም ቢሆን ያለ ማዕረግ አይሄድም። አንዱ ሲያዝ ሌላው መታዘዝ አለበት፤ የጀገነው መሸለም፣ የፈራው መወቀስ አለበት። ንጉሡ በስደት እንግሊዝ አገር ናቸው። የጦር ሚኒስቴር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በላይ ራሱ ሾመ። ከተከታዮቹ መካከል እስከ ደጃዝማችነትና እስከ ራስነት ድረስ ማዕረግ የሰጣቸው ነበሩ። ታዲያ ሁሉን ሾመህ አንተ ራስህ ማን ልትባል ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ እናቱ ቀድማ በላይ ብላ ስለ ሰየመችው ሌላ ማዕረግ እንደማያስፈልገው መመለሱ እስከ ዛሬ ይነገራል። መልሱ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ከባድ ነገር አለበት፤ በዱር ያለ ሹመት የሚጸናው በሰው አፍና በሰው ልብ ነው፤ ማኅተም የለውም።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዞች ልዑክ ጎጃም ገባ። ጃንሆይም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በመጋቢት መጨረሻ ኢጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው በኮሎኔል ማራቬንታኖ አዛዥነት ወደ ዓባይ ሸሹ። የእንግሊዝ መኮንኖች በጻፉት ታሪክ፣ በላይ በመሻገሪያው ላይ ያንን ጦር እንዲያግድ ይጠበቅ ነበር፤ ጦሩ ግን ሳይታገድ ተሻገረ። ምክንያቱንም ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ተስፋ ስለ ሰጡት ነው ይላሉ። ያ ጦር በግንቦት ወር ወሎ ውስጥ አጊባር ላይ እጁን ሰጥቷል። እዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን፣ በዚያ ዘመቻ ብዕሩ የነበረው በነጮቹ እጅ መሆኑን ነው። የአምስት ዓመቱን የበላይን ውሎ ጭፍሮቹ በቃል ያዙት፤ ያቺን የአንዲት ሳምንት ነገር ግን መኮንኖቹ በወረቀት ያዟት። በወረቀት የተያዘው ከአገር አገር ተሻገረ፤ በቃል የተያዘው ከተናጋሪው ጋር እየተቀበረ ሄደ። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው።

ድል ሆነ። ሹመት የሚሰጥበት ቀን መጣ። ከጎጃም አርበኞች ኃይሉ በለው ራስ ተባሉ፤ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ ሆኑ። በላይ ዘለቀ ግን ደጃዝማች ተባለ፤ የቢቸናም ገዥ ሆነ። ደጃዝማችነት ትንሽ ማዕረግ ነው ማለታችን አይደለም። ለአንድ የባሻ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም በላይ በዱር ራስና ደጃዝማች ይሾም የነበረ ሰው ነው። አሁን በቤተ መንግሥቱ መዝገብ እርሱ ራሱ ትናንት ከሾማቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። እርሱ የሰጠውም የሜዳ ሹመት በመዝገቡ ፊት ዋጋ አልነበረውም።

መንግሥት ለአርበኞች የአርበኝነት ሜዳሊያ፣ በስደት ለቆዩትም የስደት ሜዳሊያ አውጥቶ ነበር። በአርበኝነቱ ሜዳሊያ ጥብጣብ ላይ እንደ ዘመኑ ብዛት የዘንባባ ምልክት ይደረጋል። ባለ አምስት ዘንባባ የሚባለው አምስቱን ዓመት በዱር የከረመ ነው። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ከዱር የመጣ ሰው ከየት ወረቀት ያመጣል? ማስረጃው የአለቃው ቃል ነው። አለቃው ከተከበረ ጭፍራው ይከበራል፤ አለቃው ከወደቀ ጭፍራው ምስክር ያጣል።

በላይም ወደቀ። ቅሬታው እያደገ ሄዶ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ ተመልሶ ሸፈተ፤ የመንግሥት ጦር ዘመተበት። በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደና ታሰረ። ከእስር ቤትም ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ኃይሉና ከሌሎች ጋር ሆኖ አመለጠ፤ ብዙ ሳይርቅ ተያዘ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ዕድሜው 33 ዓመት ገደማ ነበር። ማሞ ኃይሉም አብሮት ተሰቀለ። ማሞ በጠላት ዘመን ከኢጣሊያኖች ወገን የነበረ ሰው ነው። ከጠላት ጋር የቆመውና ጠላትን አምስት ዓመት የተዋጋው ባንድ ቀን ባንድ ፍርድ መሞታቸው፣ በጊዜው የሰማውን ሰው ሁሉ ያስደነገጠ ነገር ነው።

በላይ በመንግሥት ላይ መነሣቱ ትክክል ነበር ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ሕግ ባለበት አገር ቅሬታ በጠመንጃ አይቀርብም። ዳሩ ግን ቅሬታ የሚያቀርብበት ሌላ በር ይኑር አይኑር መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ሰው ያገለገልኩት ይህን ያህል ነው፣ ምስክሮቼም እነዚህ ናቸው፣ መዝገቡ ይታረምልኝ ብሎ የሚያመለክትበትና አዎን ወይም አይደለም የሚባልበት ቦታ ቢኖር ኖሮ፣ ብዙ የጀግና ቂም ከወረቀት አልፎ ደም ባልሆነ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ክብሩ ኋላ መምጣቱ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በበላይ ዘለቀ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተጠርቷል። ዘፋኙ ሁሉ ዘፍኖለታል። ይሁን እንጂ አብረውት የተራቡት፣ አብረውት የቆሰሉት ተራ ጭፍሮች ስማቸው በመንገድ ላይ አልተጻፈም። አለቃቸው በስቅላት ሲሞት እነዚያ ሰዎች ማንን ምስክር ይጥሩ? ዘንባባቸውን ማን ይቁጠርላቸው?

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ሄንሪ ጆንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1918 ፈረንሳይ አገር ሌሊት ዘብ ቆሞ ሳለ የጀርመን ጦር ደረሰበት። ጥይቱ ሲያልቅበት በጩቤ ተዋግቶ ጓደኛውን ከመማረክ አዳነ። ሰውነቱ ከ20 ቦታ በላይ ቆስሎ ነበር። ፈረንሳዮች ወዲያው ሸለሙት። ወደ አገሩ ተመልሶ የስንብት ወረቀቱን ሲቀበል ግን ስለ ቁስሉ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ስላልተጻፈ የአካል ጉዳት አበል እንደ ተከለከለ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1929 በችግር ሞተ። ወዳጆቹና የአገሩ ሰዎች መዝገብ እያገላበጡ ለብዙ ዓመታት ሲያመለክቱ ቆይተው፣ በ1996 የቁስለኛ ሜዳሊያ፣ በ2015 ደግሞ የአገሩ ትልቁ የጀግና ሜዳሊያ በስሙ ተሰጠ። ከሞተ 86 ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ወረቀት የሚባለው ነገር ቀላል አይደለም፤ በአንድ መስመር ጉድለት የሰው እንጀራ ይቋረጣል።

ወደ ቦዲቲ እንመለስ። ከወላይታም በ1928 ዓ.ም. የዘመቱ ነበሩ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች በቃኘው ሻለቃዎች ኮሪያ ተሻግረዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር፣ ከዚያም በሰሜን የተሰለፈው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙው ወታደር የስንብት ወረቀት እንኳን ሳይዝ፣ በእግሩም በመኪናም እያለ ወደየቤቱ ገብቷል። ሜዳሊያውን በሳጥን የደበቀ አለ፤ ፈርቶ የጣለም አለ፤ ቸግሮት የሸጠም አይታጣም። ዛሬ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌዎች ናቸው። የሚመሰክሩላቸው ጓደኞቻቸውም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። የእድራችን ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር አንድ ምስክር ይጎድላል።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ጊዜ ሳለ እንሥራ። በቤታችሁ የዘመተ አባት ወይም እናት ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን እስከ አያት፣ የክፍሉን ስም፣ የገባበትንና የወጣበትን ዓመት፣ የተዋጋበትን ቦታ፣ የአለቃውን ስም፣ ሽልማቱን ማን በየት ቦታ እንደ ሰጠው ጻፉ። አብረውት የነበሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በሕይወት ካሉ ቃላቸውን በፊርማ ተቀበሉ። ሜዳሊያው ካለ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ፎቶ ይነሣ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ፎቶ ኮፒውን ስጡ። ማህደር ለማስፈለግ የሚያመለክት ሰው ጉዳዩ እንደ ዘመኑ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ወደ አርበኞች ማኅበር ወይም ወደ ኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ስለሚሄድ፣ ይህን ሁሉ አሟልቶ ቢሄድ ድካሙ ይቀንስለታል። ያልነበረውን ነበረ ብሎ መጻፍ ግን አይገባም። የሐሰት ሜዳሊያ የእውነተኛውን ዋጋ ያረክሳልና።

እኛም በበኩላችን የምናሳስበው፣ የእድሩ ጸሐፊ ከመዋጮው መዝገብ ጎን አንድ የአገልግሎት መዝገብ እንዲከፍት ነው። ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ ጠንካራ ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። ሐሳቡን በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እናቀርባለን። የምትደግፉትም የምትቃወሙትም መጥታችሁ ሐሳባችሁን ስጡበት። እስከዚያው ግን በየቤቱ ያለውን ወረቀት ከአይጥና ከዝናብ ጠብቁት።