በዘንዶው ላይ የቆመው ሰማዕት



የሚያዝያ 23 በዓል ሲቃረብ ለአዳራሻችን ግድግዳ የሊቀ ሰማዕታት ቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። ገና ቀለም ሳንበጠብጥ አንድ ወንድማችን ከዩኒቨርሲቲ የሰማውን ይዞ መጣ። ይኸውም ዘንዶው ተረት ነው፣ እርሱ ተረት ከሆነ ባለ ፈረሱም ያው ተረት መሆኑ ነው የሚል ነበር። ብዙዎቻችን ተቆጣን፤ መልስ ግን አልነበረንም። ወንድማችን ከጉባኤያችን ሊቀር ምንም ያህል አልቀረውም። በመሆኑም ገድሉን እንደገና ለማንበብ፣ በድንጋይና በብር የተቀረጸውንም ለመመርመር ተነሣን።

ጊዮርጊስ የሚለው ስም በግሪክ ቋንቋ ገበሬ ማለት ነው። አባቱ አንስጣስዮስ የቀጰዶቅያ ሰው፣ እናቱ ቴዎብስታ የልዳ ተወላጅ ነበሩ። አባቱ ሲሞት ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረና አንድ ደግ ክርስቲያን መስፍን ወስዶ አሳደገው። ሃያ ዓመት ሲሆነው መስፍኑ ልጁን ሊድርለት አስቦ ሳለ ዐረፈ። ጊዮርጊስም ወደ ቤሩት ሄደ። በዚያ ሕዝቡ ዘንዶ ያመልክ፣ ልጆቹንም ይገብርለት ነበር። ዕጣ የደረሳትን ብሩታዊትን ያዳነው፣ ዘንዶውንም በመስቀል ኃይል ድል የነሣው ያን ጊዜ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ገድሉ ግን ዋናውን ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የፋርስ ንጉሥ ዱድያኖስ ሰባ ነገሥታት ሰብስቦ ሕዝቡን ለጣዖት ሲያሰግድ ወጣቱ ጊዮርጊስ ገንዘቡን ለድሆች በትኖ በፊታቸው ቆመ። ሰባት ዓመት አሠቃዩት። አትናስዮስ የተባለው ጠንቋይ መርዝ አጠጣው፤ ሳይሞት ሲቀር ጠንቋዩ ራሱ አምኖ በሰማዕትነት ሞተ። ሥጋውን አቃጥለው፣ ፈጭተው፣ ዐመዱን በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ በተኑት። ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሣ። የንጉሡ ሚስት እለስክንድርያ እንኳ አምና ተሠዋች። በመጨረሻም ሚያዝያ 23 ቀን አንገቱ በሰይፍ ተቆረጠ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመን እ.ኤ.አ. በ303 ዓ.ም. በሮማዊው ንጉሥ በዲዮቅልጥያኖስ ከተነሣው ስደት ጋር ያያይዙታል፤ መቃብሩም በልዳ ይከበራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ፈረስም ጦርም የለም። ሰማዕቱ የታሰረ፣ ባዶ እጁን የቆመ ወጣት ነው።

ታዲያ ባለ ፈረሱ ከየት መጣ? ወንድማችን የሰማው በከፊል እውነት ሆኖ አገኘነው። ጥንታውያኑ የሰማዕትነቱ መጻሕፍት ስለ ዘንዶው አያወሩም። የዘንዶው ታሪክ በጽሑፍ ከሚገኝባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በ11ኛው መቶ ዓመት በጆርጂያ ቋንቋ የተጻፈ ነው። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን የጆርጂያ አንጥረኞች በዚያው ዘመን በብር የቀረጹት ሥዕል ነው። ቅዱሱ በፈረስ ተቀምጦ ጦሩን ወደ ታች ሰክቷል፤ ከፈረሱ እግር ሥር የወደቀው ግን ዘንዶ ሳይሆን ዘውድ የደፋ ሰው፣ አሳዳጁ ንጉሥ ነው! በኋላ በንጉሡ ቦታ ዘንዶው ገባ። እንግዲህ የተገደለው ገዳዩን እንደ ረገጠው ለማሳየት ቀራጮቹ ፈረስና ጦር ሰጡት ማለት ነው። ሰማዕቱን ተረት የሚያደርገው ነገር አላገኘንበትም።

አገራችንም ይህን ቅርጽ ቀደም ብላ ታውቀዋለች። ከኮምቦልቻ ተነሥተን በደሴና በወልድያ በኩል ላሊበላ በሄድን ጊዜ ሁላችንም የተጣደፍነው ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ነበር። ከአንድ አለት በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ ወደ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የጠለቀ ነው። የፈረሱ ኮቴ ምልክት ነው የሚባለውንም አየን። ነገር ግን በቤተ ማርያም በምዕራብ በኩል ካለው መግቢያ በላይ ዘንዶ የሚወጉ ፈረሰኞች በድንጋዩ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። ቀና ያላለ ሰው ያልፋቸዋል። እኛም አልፈናቸው ሄደን ነበር፤ አንድ ዲያቆን ጠርቶ መለሰን።

ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ በእንጨት ገበታ ላይ በሚሣሉት ሥዕሎቻችን ነጩ ፈረስ ዘወትር ከእመቤታችን አጠገብ ይቆማል፤ ብሩታዊትም ዛፍ ላይ ወጥታ ትመለከታለች። ዛፍ ላይ መውጣቷ የእኛ ሠዓልያን ጨዋታ ይመስለናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል የተገኘው በዕለተ ቀኑ ስለሆነ ይህ ሥዕል ከጦር ሜዳ ጋርም ተቆራኘ። ዛሬማ በኳስ ቡድን ዓርማና በቢራ ጠርሙስ ላይ ሳይቀር ይታያል፤ ብዙ ወጣት ሰማዕቱን የሚያውቀው ከዚያ መሆኑ ያሳዝነናል።

በውጭው ዓለም ካሉት ሁለቱን ብቻ እናንሣ። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ1489 የተመረቀው የእንጨት ሐውልት ዘንዶው በእውነተኛ የአጋዘን ቀንድ የተሠራ ስለሆነ እጅግ ያስፈራል። ዶናቴሎ የተባለው ቀራጭ ግን በ1417 ገደማ በፍሎረንስ ከተማ የሠራው ጊዮርጊስ ፈረስ የለውም፤ ጋሻውን መሬት አስነክቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ በእግሩ ቆሟል። ዘንዶው ከሥሩ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው ያለው። ወንድማችን ፎቶግራፉን ባየ ጊዜ ይህ የገድሉ ጊዮርጊስ ነው ብሎ ብዙ ዝም አለ።

የአዳራሹ ሥዕል በዋዜማው ተጠናቀቀ። ከላይ ባለ ፈረሱ፣ ከታች መንኰራኵሩ፣ ወፍጮውና ደብረ ይድራስ አሉ። ዘንዶውን የቀባው ያው ወንድማችን ነው፤ አረንጓዴ ቀለም አልቆበት ጅራቱን በቡናማ ጨረሰው።