ከበሮ መቺው ጆን ክሌም

የወታደር ማርሽ ባንድ በአደባባይ ሲያልፍ ከሁሉ በፊት ዓይናችንን የሚስበው ከበሮ መቺው ነው። መለከቱና ጥሩንባው ዜማውን ሲያሰሙ የሰልፈኛውን እግር አንድ የሚያደርገው ከበሮው ነውና፥ ከኛም መካከል ያንን ከበሮ አንግቦ በሰልፉ ፊት ለመሄድ ያልተመኘ ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከበሮ የሰልፍ ማድመቂያ ብቻ ሳይሆን የጦር ትእዛዝ ማስተላለፊያ የነበረበት ዘመን ነበረ። በዚያ ዘመን ገና ሕፃን ሳለ ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ ከበሮ የመታ፥ በመጨረሻም ጄኔራል የሆነ አንድ አሜሪካዊ ነበረ። ስሙም ጆን ሊንከን ክሌም ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ዝናውን ብቻ ሳይሆን ለዝናው የከፈለውን ዋጋ ጭምር ለመግለጽ እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ጆን ክሌም ኦገስት 13 ቀን 1851 በዩናይትድ ስቴትስ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ኒውአርክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከአውሮፓ ፈልሰው የመጡ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የወጣለት ስም ጆን ጆሴፍ ሲሆን፥ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን እጅግ ይወድ ስለ ነበር በኋላ ጆሴፍ የሚለውን ትቶ ሊንከን በሚለው ለወጠው። ገና ልጅ ሳለም እናቱ የባቡር ሐዲድ ሲሻገሩ በደረሰባቸው አደጋ ሞቱ።

በ1860 ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፥ ጥቁር ሕዝቦችን በባርነት መግዛት እንዲቀጥል የፈለጉት የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ መገንጠል ጀመሩ። በኤፕሪል 1861 ጦርነት ተነሣ። ይህ የርስ በርስ ጦርነት አራት ዓመት ቆይቶ ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮችን ፈጅቷል። ጦርነቱ ሲጀመር ጆኒ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት የከበሮ መቺ ሥራ በዚያ ጦርነት ምን እንደ ነበረ ብናውቅ ይጠቅመናል። በሰሜኑ ሠራዊት አንድ የእግረኛ ሬጅመንት አሥር ሻምበሎች ሲኖሩት፥ ሲሟላ ወደ አንድ ሺህ ሰው ይደርሳል። እያንዳንዱ ሻምበል ሁለት ሙዚቀኞች ነበሩት፤ አንዱ ከበሮ፥ ሁለተኛው ትንሽ ዋሽንት ይይዛል። ከበሮው ታምቡር የሚባለው ዓይነት ሆኖ ከእንጨት የተሠራ፥ በጥጃ ቆዳ የተወጠረና በገመድ የተጠፈረ ነበር። ከአንገት በሚወርድ ጠፍር ተንጠልጥሎ በሁለት በትር ይመታል።

ወታደሩ ንጋት ላይ የሚነቃው፥ ለተራ ጥሪ የሚሰለፈው፥ ለምግብ የሚጠራው፥ ማታም ወደ መኝታው የሚገባው በከበሮ ድምፅ ነበር። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ አመታት ስላለው፥ ከበሮ መቺው ሁሉንም በቃሉ ማጥናት ነበረበት። ሳያቋርጥ የሚንደቀደቀው ረጅም ምት ሲሰማ ጠላት ቀርቧል ማለት ስለ ሆነ፥ የተኛው ሁሉ ተነሥቶ ጠመንጃውን ያነሣል። በጦር ሜዳ የመድፍ ጩኸት የአዛዡን ድምፅ ሲውጠው፥ ጢሱም ዓይንን ሲጋርድ፥ ከበሮ የአዛዡ አንደበት ይሆን ነበር። በአገራችን ቀድሞ ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ አዋጅ መኖሩን ያውቅ እንደ ነበረ፥ የዚያን ጊዜ ወታደርም የከበሮውን ቋንቋ ያውቅ ነበር። ውጊያው ሲፋፋም ደግሞ ሙዚቀኞቹ ብዙ ጊዜ ቁስለኛ እንዲያነሡና ሐኪሞችን እንዲረዱ ይታዘዙ ነበር። ስለዚህ ከበሮ የያዘው ልጅ ጠመንጃ ባይዝም ከሞት ርቆ አልነበረም።

ወታደር ለመሆን ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚሁ በሙዚቀኞች በር ነበር። ጆኒም በ1861 ከቤቱ ጠፍቶ ወደ 3ኛው የኦሃዮ ሬጅመንት ሄደና ልግባ ብሎ ለመነ። አዛዡም ሕፃን መሆኑን አይቶ መለሰው። ከዚያም ወደ 22ኛው የሚሺጋን ሬጅመንት ሄደ። እነርሱም እንደዚሁ መለሱት፤ እርሱ ግን እምቢ ብሎ ተከተላቸው። በመጨረሻ ወታደሮቹ ወደዱትና እንደ ራሳቸው ልጅ አድርገው አስጠጉት፤ ከበሮም ሰጡት። ስሙ በመዝገብ ስላልሰፈረ መንግሥት ደመወዝ አይከፍለውም ነበር። ስለዚህ መኮንኖቹ ከየኪሳቸው እያዋጡ በወር 13 ዶላር፥ ይኸውም የአንድ ተራ ወታደር ደመወዝ፥ ይሰጡት ነበር። በደንብ ተመዝግቦ ወታደር የሆነው በሜይ 1863 ነው፤ ያን ጊዜም 12 ዓመት አልሞላውም።

ስሙን ያስጠራው በሴፕቴምበር 19 እና 20 ቀን 1863 በጆርጂያ ግዛት የተደረገው የቺካማጋ ጦርነት ነው። በዚህ ጦርነት ከሁለቱም ወገን ወደ 34 ሺህ የሚሆን ሰው ሞቷል፥ ቆስሏል ወይም ጠፍቷል። በሁለተኛው ቀን የሰሜኑ ጦር የቀኝ ክንፍ ተሰብሮ ብዙው ሰው ሲሸሽ፥ ጄኔራል ጆርጅ ቶማስ ግን ኮረብታ ይዘው እስከ ምሽት ተከላከሉ። ሊረዷቸው ከደረሱት መካከል የጆኒ ሬጅመንት አንዱ ነበር። የዚያ ሬጅመንት አብዛኛው ሰው ሞተ፥ ቆሰለ ወይም ተማረከ። ጆኒ በዚያ ቀን ለቁመቱ እንዲስማማ ተቆርጦ ያጠረ ጠመንጃ ይዞ ነበር። አንድ የደቡብ ኮሎኔል በፈረስ ደርሶ እጅህን ስጥ ባለው ጊዜ፥ ልጁ ተኩሶ ከፈረሱ ጣለውና አመለጠ ተብሎ ተጻፈ። ስለዚህም የሳጅንነት ማዕረግ ተሰጠው። በአሜሪካን ሠራዊት ታሪክ ይህን ማዕረግ በማግኘት ከሁሉ የሚያንሰው በዕድሜ እርሱ ነው። ጋዜጦችም ታሪኩን በየአገሩ አሰራጩት፤ ፎቶግራፉም ከቤት ወደ ቤት ዞረ።

ነገር ግን ዝና ከመከራ አያድንም። በሚቀጥለው ወር፥ በኦክቶበር 1863፥ የደቡብ ፈረሰኞች ማረኩት። የለበሰውን የደንብ ልብስና በጥይት የተበሳችውን ቆብ በወሰዱበት ጊዜ እጅግ ማዘኑ ይነገራል። የደቡብ ጋዜጦችም የልጁን ዕድሜ መሣለቂያ አደረጉት፤ ሰሜኖች ሰው አልቆባቸው ሕፃናት ይልካሉ ብለው ጻፉ። እነሆ አንዱ ወገን ጀግና ብሎ፥ ሌላው ወገን መቀለጃ አድርጎ፥ ሁለቱም በአንድ ልጅ ተጠቀሙበት። በምርኮኞች ልውውጥ ከተመለሰ በኋላ በጄኔራል ቶማስ ዘንድ በፈረስ መልእክት አድራሽ ሆነ። በሴፕቴምበር 1864 ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ገባ። ዕድሜው 13 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ይመጣል። ጆኒ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ በ1870 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ምኞቱ መኮንን መሆን ስለ ነበር በዌስት ፖይንት ወደሚገኘው የጦር አካዳሚ ለመግባት ተፈተነ፤ ወደቀ። ደግሞ ተፈተነ፤ ደግሞም ወደቀ። በቺካማጋ ያልተበገረው ልጅ በወረቀትና በእርሳስ ተሸነፈ። ይህ በስንፍና የመጣ አይመስለንም። እኩዮቹ ሒሳብና ሰዋስው ሲማሩ እርሱ የከበሮ ምት ያጠና ነበር፤ እነርሱ ደብተር ሲይዙ እርሱ ቁስለኛ ሲነሣ ያይ ነበር። ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ያለው የትምህርት ጊዜ አንዴ ካለፈ በኋላ በምንም ጀግንነት ተመልሶ አልተገኘለትም።

የዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት፥ በጦርነቱም የሰሜኑ ጦር ዋና አዛዥ የነበሩት ዩሊሲስ ግራንት ጉዳዩን ሰምተው፥ በዲሴምበር 1871 ያለ አካዳሚው ፈተና የምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ሰጡት። ከዚህ በኋላ ልጅ ጆኒ መኮንን ሆነዋልና እኛም በአንቱታ እንቀጥላለን።

መቶ አለቃ ክሌም የተመደቡት በ24ኛው የእግረኛ ሬጅመንት ነው። ይህ ሬጅመንት ወታደሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን፥ መኮንኖቹ ግን ነጮች የነበሩበት ጦር ሲሆን፥ ያን ጊዜ በቴክሳስ ይኖር ነበር። በዚያው ላይ ክሌም ያመለጣቸውን ትምህርት ችላ አላሉትም፤ በፎርት ሞንሮ ከሚገኘው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው በ1875 ተመረቁ። በ1882 ሻምበል ሆነው ወደ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ተዛወሩ። ይህ ሥራ ልብስ፥ ድንኳን፥ ጋሪና የጭነት እንስሳ እያዘጋጁ ለጦሩ ማቅረብ ነው። ጋዜጣ የሚጽፍለት፥ ሥዕል የሚሣልለት ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር የትም አይደርስምና፥ ጦሩ ያለዚህ ክፍል አንድ ቀን አይቆምም። ከእስፓኝ ጋር ከተደረገው የ1898 ጦርነት በኋላም በፖርቶ ሪኮ ደሴት አገልግለዋል። በ1903 ኮሎኔል ሆኑ።

የቤት ኑሯቸውም አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። የመጀመሪያ ባለቤታቸው በ1899 ስለ ሞቱ ሁለተኛ ጋብቻ ፈጸሙ። ሁለተኛይቱም ባለቤታቸው አባታቸው በደቡብ ጦር ውስጥ የተዋጉ ነበሩ። በልጅነታቸው የተኮሱበት ወገን በሽምግልናቸው አማች ሆነ ማለት ነው።

ኦገስት 13 ቀን 1915፥ 64ኛ ዓመታቸውን በያዙበት ቀን፥ በብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ። በርስ በርሱ ጦርነት ከተዋጉት መካከል እስከዚያ ቀን በአሜሪካን ሠራዊት መደበኛ አገልግሎት ላይ የቆዩ የመጨረሻው ሰው እርሳቸው ነበሩ። በ1916 በጡረታ ላይ ሳሉ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ተጨመረላቸው። ሜይ 13 ቀን 1937 በሳን አንቶኒዮ፥ ቴክሳስ፥ በ85 ዓመታቸው አረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብርም ተቀበሩ። በተወለዱባት ከተማ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትም በስማቸው ተሰይሟል።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ስለ ጄኔራል ክሌም የተነገረው ሁሉ በማስረጃ የተደገፈ አለመሆኑን መግለጥ ይገባናል። በኤፕሪል 1862 በቴኔሲ ግዛት በተደረገው የሻይሎ ጦርነት ከበሯቸው በመድፍ ተሰባበረ፤ ስለዚህም የሻይሎው ጆኒ ተባሉ የሚል ታሪክ በሰፊው ይነገራል። በ1963 በዋልት ዲዝኒ የቀረበው ፊልም እንኳ ርእሱ ይኸው ስም ነበር። ዳሩ ግን 22ኛው የሚሺጋን ሬጅመንት የተቋቋመው በኦገስት 1862፥ ማለት ከሻይሎ ጦርነት አራት ወር በኋላ ነው። ባልተቋቋመ ሬጅመንት ውስጥ ሆኖ መዋጋት ደግሞ አይቻልም። በቺካማጋ ተመታ ስለ ተባለው ኮሎኔል ማንነትም የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። በመዝገብ የተረጋገጠው ግን አይናወጥም፤ አንድ ሕፃን ከበሮ ይዞ ወደ ጦር ገባ፤ በ12 ዓመቱ ሳጅን ሆነ፤ ከዚያም ከ43 ዓመት በላይ በመኮንንነት አገለገለ። እውነቱ ይህን ያህል ከሆነ ሌላ መጨመሪያ አያሻውም።

በዚያው ጦርነት መጨረሻ አካባቢ፥ በ1864፥ የአሜሪካን ምክር ቤት ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሠራዊት እንዳይመዘገብ በሕግ ከለከለ። በ2000 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባጸደቀው ስምምነት፥ መንግሥታት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው በውጊያ እንዳያሳትፉና በግዳጅ እንዳይመለምሉ ተወሰነ። ዓለም ይህን የተረዳው በብዙ ሕፃናት ደም ነው። ከጆኒ ጋር ከበሮ ከመቱት ልጆች ብዙዎቹ ጄኔራል አልሆኑም፤ አንዳንዶቹም ስማቸው እንኳ ሳይጻፍ በየሜዳው ቀርተዋል። እኛ የአንዱን ታሪክ የምናነበው እርሱ ስለ ተረፈ ነው።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? ብዙ ሰው የሚያደንቀው በቺካማጋ የተተኮሰችውን አንዲት ጥይት ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማደንቀው ከፈተናው ውድቀት በኋላ ያለውን ነው። በ12 ዓመቱ የአገር ጀግና የተባለ ሰው በ20 ዓመቱ ወድቀሃል ሲባል አልተኮራም፥ ተስፋም አልቆረጠም። ማዕረጉን በሞገስ ቢያገኝም እንደ ገና ትምህርት ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያም ማንም በማያጨበጭብለት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታገሠ። በ12ኛ ክፍል ለምንገኘው፥ ፈተናውም ደጃችን ላይ ለደረሰው ተማሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም።

ለተከበሩ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ልጅ ከበሮ ቢወድ ይምታ፤ በትምህርት ቤት ባንድም ገብቶ ይሰለፍ፤ ሙዚቃ ሥርዓትንና ኅብረትን ያስተምራልና። ብቻ በሌላው እጁ ደብተሩን እንዳይጥል አደራ። ጆን ክሌም የጣለውን ደብተር እንደ ገና ለማንሣት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።