ፒየር ዣኔ፦ የመንፈስ ቁስል፣ ዝለትና የሃይማኖት ሥጋት በአንድ ሐኪም ሕይወት

ስለ ሥነ ልቦና ቁስል ሕክምና በሚጻፉ ጥናቶች የፍሮይድ ስም ከፊት ረድፍ ሲቀመጥ፣ የፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ ስም አብዛኛውን ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። ሆኖም ዛሬ ተመራማሪዎች በአሰቃቂ ትውስታ፣ በህሊና መከፈልና በመንፈስ ዝለት ዙሪያ የሚያነሷቸውን ጉዳዮች እርሱ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ከሕመምተኞቹ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ መርምሯቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ በዚሁ ሥራው በኩል ይከተላል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዣኔ በ1859 በፓሪስ ተወለደ። እናቱ አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች፤ አጎቱ ፖል ዣኔ ደግሞ በዘመኑ ስመ ጥር ፈላስፋ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ከባድ ድባቴ ያዘውና ትምህርቱን ለማቋረጥ ተገደደ፤ በወጣትነቱም ከእናቱ የወረሰው እምነት ተናጋበት። በኋላ ስለ ራሱ በጻፈው አጭር ታሪክ፣ ወደ ምሥጢራዊ ሃይማኖተኛነት የሚስበው ዝንባሌ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት እንደኖረና በጥረት እንደገታው ገልጿል። ፍልስፍናን የመረጠው ሳይንስንና እምነትን ያስታርቅልኛል ብሎ ነበር። ዕርቁ አልሰመረም። ጥያቄው ግን ከእርሱ አልራቀም፤ የእምነትን ጉዳይ እንደ ተራ የሕመም ምልክት ቆጥሮ ለማለፍ ያልፈጠነበትን ምክንያት ከዚህ የሕይወቱ ክፍል ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው።

በ1879 ኤኮል ኖርማል ገባ፤ ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ ኤሚል ዱርኬም ነበር። ከ1883 ጀምሮ በወደብ ከተማዋ ለ ሃቭር ፍልስፍና እያስተማረ፣ በትርፍ ጊዜው በከተማዋ ሆስፒታል ሕመምተኞችን መመርመር ያዘ። በዚያ ካገኛቸው መካከል በጽሑፉ ማሪ ብሎ የጠራት ወጣት ትገኛለች። ማሪ በየወሩ የወር አበባዋ ሲመጣ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች፤ ግራ ዓይኗም አያይም ነበር። ዣኔ በሂፕኖቲዝም አስተኝቶ ሲጠይቃት፣ የመጀመሪያው የወር አበባዋ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሲመጣ በኀፍረት ለማስቆም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብታ እንደነበረ ታወቀ። የዓይኗ ነገር ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ፊቱ ግራውን በቍስል ከተሸፈነ ሕፃን ጋር ያለ ፈቃዷ እንድትተኛ ከመደረጓ የመጣ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱም እንግዳ ነበር፦ በእንቅልፏ ውስጥ ወደ ልጅነቷ መልሶ፣ ሕፃኑ ጤነኛና ደስ የሚል እንደነበረ አሳመናት። ማሪ አየች፤ የወር ስቃይዋም ተወገደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሐኪሙ ያዳነው እውነቱን በሐሰት በመተካት ነው። ማሪ ከሕመሟ ነፃ ብትወጣም የገዛ ሕይወቷ አንድ ክፍል ሌላ ሰው የፈጠረው ሆነ። ዣኔ ዘዴውን አልሸሸገም፤ በ1889 በታተመው የሥነ ልቦና አውቶማቲዝም በተሰኘው የዶክትሬት ሥራው በግልጽ አስፍሮታል። በእኔ ግምት የቀረው የሕክምና ሕይወቱ በከፊል ከዚህ መንገድ ለመውጣት የተደረገ ረጅም ጉዞ ነው።

በ1890 ሻርኮ ወደ ፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ጠርቶ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራውን እንዲመራ ሾመው፤ ዣኔም ጎን ለጎን ሕክምና ተምሮ በ1893 አጠናቀቀ። አሺል የሚል ስም የሰጠውን የ33 ዓመት ሰው ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። አሺል ሰይጣን አድሮብኛል የሚል፣ የሚሳደብ፣ ራሱን የሚጎዳ ሰው ነበር። ዣኔ ከእርሱ ጋር ከመሟገት ይልቅ ከ«ሰይጣኑ» ጋር መነጋገር መረጠ፤ በሹክሹክታ እየጠየቀ፣ ሕመምተኛው ሳያስተውል እጁ መልሱን እንዲጽፍ አደረገ። ከዚያም በሰይጣኑ ትዕቢት ተጠቅሞ፣ ኃይለኛ ከሆነ አሺልን እንዲያስተኛ ጠየቀው። አስተኛው። በእንቅልፉም አሺል ለንግድ በወጣበት መንገድ በሚስቱ ላይ እንደማገጠ፣ ከተመለሰ በኋላም ምሥጢሩ እንዳይወጣ ሲፈራ ንግግሩ እንደተዘጋ፣ በመጨረሻም ራሱን ሞቶ ሲኦል የገባ አድርጎ እንዳየ ተናገረ። አጋንንት በየት እንደገቡ ራሳቸው ሲለፈልፉ በጠበል ቦታ ላየ አንባቢ የአጠያየቁ መልክ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ዣኔ ይወጣ ዘንድ የሚጠብቀው መንፈስ ሳይሆን የጸጸት ትውስታ መሆኑ ላይ ነው። ይቅርታውም ቢሆን የመጣው ሚስቱ ቀርባ ይቅር ስትለው በምናቡ እንዲያይ በማድረግ ነበር፤ አሁንም የተቀነባበረ ትዕይንት። ሆኖም ጥፋቱ አልተካደም፤ ተነገረ።

ሙሉ ለውጡ የሚታየው በኢሬን ታሪክ ነው። ኢሬን በሳምባ ነቀርሳ የምትሞት እናቷን እያስታመመች፣ ለቀለብ የሚሆን ገንዘብ በስፌት እያገኘች፣ ስድሳ ያህል ሌሊት በቅጡ ሳትተኛ ያሳለፈች ወጣት ናት። አባቷ ሰካራም ነበር። እናትየው ስትሞት ኢሬን ሬሳውን ልታነቃ፣ ልታጠጣ ሞከረች፤ በቀብሩም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እናቷ መሞቷን ሰዎች ስለ ነገሯት ታምናለች እንጂ አታስታውስም። ሰውነቷ ግን ያስታውሳል፦ ባዶ አልጋ ስታይ ያንን ሌሊት ከነምልክቱ ትደግመዋለች፤ አንዱ ድግምግሞሽ ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጃል። ዣኔ በዚህ ተነሥቶ ሁለት ነገሮችን ለየ። አንደኛው ለማንም የማይነገር፣ ለሁኔታው የማይታጠፍ፣ ራሱን ብቻ የሚደግም ነው። ሁለተኛው ለሰሚው እንደየሁኔታው በጥቂት ደቂቃ የሚተረክ ሲሆን፣ ትውስታ የሚለው ስም የሚገባው ይኸኛው ብቻ ነው አለ። ሕክምናውም ኢሬን የሆነውን ራሷ እንድትተርከው በብዙ ድካም መርዳት ሆነ። እንደ ማሪ የተለወጠላት ነገር የለም፤ እናቷ ሞታለች።

የኢሬን ስድሳ ሌሊት ስለ ዝለት ወዳለው ትምህርቱም ይመራል። ዣኔ የመንፈስን አቅም እንደ ቤተሰብ ገንዘብ ያየው ነበር፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ዕዳና ኪሳራ ያለው። ያልተቋጨ ጉዳይ በየቀኑ ወለድ እንደሚከፈልበት ዕዳ አቅም ያንጠፈጥፋል። አንዳንድ ሰውም አብሮት ለሚኖረው እጅግ ውድ ነው፤ አስታማሚ የሚወድቀው ለዚህ ነው። በ1919 በወጣው በሦስት ቅጽ የሕክምና ሥራው ዕረፍትን፣ ኑሮን ማቅለልንና የቆየ ጉዳይን መዝጋትን ከመድኃኒት ቆጥሯል። ስለ ሥራ ዝለት ዛሬ የሚባለው አብዛኛው ስያሜውን ያገኘው በ1970ዎቹ ቢሆንም ሐሳቡ በእርሱ ዘንድ ቀድሞ ይገኛል።

በ1903 ሳይካስቴኒያን ሲያብራራ፣ ሕሊናቸው የሚያሠቃያቸውን ሰዎች ሥጋት ሲመድብ በመጀመሪያ ያስቀመጠው ቅዱስ ነገርን የማርከስ ሥጋትን ነው። እነዚህ ሰዎች ኃጢአት ሠርተው አይደለም፤ ልሠራ ነው፣ ሳስበው ሠርቻለሁ እያሉ ይማቅቃሉ። ከዚሁ ጋር ብዙዎቹ እኔ እኔ አይደለሁም፣ እንደ ተዋናይ ወይም እንደ ማሽን ነኝ ይላሉ። ዣኔ ይህን የጉድለት ስሜት ከአቅም ማነስ ጋር አያያዘው፦ ለአሁኑ ጊዜና ለእውነታው ሙሉ ሆኖ መገኘት ከመንፈስ ሥራዎች ሁሉ ውዱ በመሆኑ ኃይል ሲያንስ ቀድሞ የሚጓደለው እርሱ ነው። ራስን መሆን በእርሱ አመለካከት የተሸሸገ ውድ ዕቃ ሳይሆን በየዕለቱ በጉልበት የሚሠራ ሥራ ነው።

በ1896 ሳልፔትሪዬር የገባችውን፣ ማድሌን የተባለችውን ሴት እስከ ሞቷ ድረስ ለ22 ዓመታት ተከታትሏል። ከቤተሰቧ ወጥታ ከድሆች ጋር የኖረች፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ብቻ የምትሄድ፣ በእግሮቿ ላይ የክርስቶስን ቍስል የሚመስል የሚታይባት ሴት ነበረች። ዣኔ ቍስሉ በእጇ እንዳይነካካ እግሯን መስተዋት ባለው የመዳብ ዕቃ ሸፍኖ ተመለከተ። ደስታዋንና ጭንቀቷን በ1926 እና በ1928 ባሳተማቸው ሁለት ቅጾች በትዕግሥት ገለጸ። አንዳንድ ካቶሊክ ጸሐፍት ጸጋን ወደ በሽታ አወረደ ብለው ነቀፉት። ነቀፌታው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የመዳብ ዕቃው ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን እምነቷን እንድትተው አልጠየቃትም፤ ያገዛት ሳትሰበር እንድትኖርበት ነው።

ከ1902 ጀምሮ በኮሌዥ ደ ፍራንስ አስተምሮ በ1930ዎቹ አጋማሽ ጡረታ ወጣ፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖትም በሴንት አን ሆስፒታል ሕመምተኞችን ይመረምር ነበር። የካቲት 1947 ላይ ሲሞት ስለ እምነት ሥነ ልቦና የጀመረው መጽሐፍ አላለቀም። ስሙ ወደ ተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የተመለሰው ሄንሪ ኤለንበርገር በ1970 ባሳተመው የሥነ ልቦና ታሪክ ነው። ከ5,000 በላይ የሚሆኑት የሕመምተኞቹ መዝገቦች ግን በኑዛዜው መሠረት ተቃጥለዋል። ማሪ፣ አሺል፣ ኢሬን ከእርሱ ብዕር ውጪ የምናመሳክርበት ማኅደር የላቸውም።