የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና እና የኃያላን ዛቻ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ከአገራችን ታላላቅ ሰዎች የአንዱን ታሪክ ጽፈን እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ካዎ ጦናን መረጥን። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ስማቸው በሶዶ ከተማ ዘወትር የሚጠራ፥ ታሪካቸው ግን በሚገባ የማይታወቅ በመሆኑ ነው። የወላይታ ዲቻ እግር ኳስ ቡድን የጦና ንቦች በሚለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል፤ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ውድድር ባስወጣ ጊዜም ይኸው ስም በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል። ነገር ግን ጦና ማን ነበሩ ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ንጉሥ ነበሩ ከማለት አልፎ የሚመልስ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ፥ በየዕለቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምንሰማው ወሬ ነው። ታላላቅ መንግሥታት ታናናሾቹን አንድ ጊዜ በጦር፥ አንድ ጊዜ በገንዘብና በንግድ እያስፈራሩ ፈቃዳቸውን ያስፈጽማሉ። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የሩቅ አገር ታሪክ መፈለግ አያሻም፤ የካዎ ጦና ዘመን ብቻውን በቂ ትምህርት ይሰጣል።

ካዎ ማለት በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። የወላይታ ነገሥታት በምሥራቅ ከብላቴ ወንዝ፥ በምዕራብ ከኦሞ ወንዝ፥ በደቡብ ከአባያ ሐይቅ መካከል ያለውን ለም አገር ለብዙ ዘመን ገዝተዋል። ሕዝቡ እንሰት ተካይ፥ እህል ዘሪ፥ ከብት አርቢ ነው፤ ሸማ በመሥራትና ብረት በመቀጥቀጥም የታወቀ ነበር። በጦርነት ጊዜ ፈረሰኛው ጦርና ጋሻ ይዞ ይሰለፋል፤ በጠረፍም ኬላ እየተሠራ፥ ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ አገሩ ይጠበቅ ነበር። ካዎ ጦና ጋጋ የትግሬ ሥርወ መንግሥት ተብሎ ከሚጠራው የነገሥታት ቤት የተወለዱ ሲሆኑ፥ በዙፋን የተቀመጡት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ቤተ መንግሥታቸው ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው አገር በዳልቦ ነበር። የነገሡበት ዘመን ግን ለታናናሽ መንግሥታት እጅግ ክፉ ዘመን ነበር።

ይህን ለመረዳት ከወላይታ ወጥተን ጥቂት ራቅ ብለን እንመልከት። በ1877 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት በበርሊን ተሰብስበው አፍሪካን የሚከፋፈሉበትን ደንብ አወጡ። ከእነርሱ መካከል ኢጣልያ በቀይ ባሕር ዳር ገብታ ወደ ኢትዮጵያ ታየው ጀመር። ኢጣልያ አስቀድማ የመጣችው በመድፍ ሳይሆን በወዳጅነት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋለች፤ ቀጥላም የሐረርን ጉምሩክ መያዣ አድርጋ 4 ሚሊዮን ሊሬ ለማበደር ተስማማች፤ ጠመንጃና ጥይትም ሰጠች። በውሉ 17ኛ አንቀጽ ላይ ግን ወጥመድ ነበረ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ሊጻጻፉ እንደሚችሉ ሲናገር፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርግባቸዋል። ኢጣልያም ይህንኑ ይዛ በ1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች፤ ከመንግሥታቱም የሚበዙት ዝም ብለው ተቀበሉ። ብድርና ስጦታ ቀደመ፤ ወረቀት ተከተለ፤ የወታደር ዛቻ በመጨረሻ መጣ። እስከ ዛሬም ድረስ የኃያላን አካሄድ ብዙ ጊዜ በዚህ ተራ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ዛቻ አልተቀበሉም። ሚያዝያ 14 ቀን 1883 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ድንበር ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አስታወቁ፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ገለጹ። ከዚህ በኋላ ጦርነቱ እንደማይቀር የታወቀ ነበር። ለጦርነት ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ ጠመንጃም በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘቡም ከዝሆን ጥርስ፥ ከወርቅ፥ ከቡናና ከግብር የሚገኝ ነው። የዚህ ሀብት ብዙው የሚገኘው በደቡብና በምዕራብ ነበር። በዚያ ላይ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ ከብቱን ጨርሶ፥ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ የሰሜኑንና የመካከሉን አገር አድቅቆት ነበር። እንዲሁም ምኒልክ ፈጥነው ያልያዙትን አገር አውሮፓውያን ሊይዙት እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። እንግዲህ ኢጣልያ በምኒልክ ላይ የጫነችው ጫና ወደ ደቡብ ተላልፎ በታናናሾቹ ነገሥታት ላይ ወደቀ። ዛቻ እንደ ጎርፍ ከከፍታው ወደ ዝቅታው ይወርዳል።

የሸዋ መንግሥት ለእነዚህ ነገሥታት ያቀረበው ምርጫ ግልጽ ነበር። በሰላም የገበረ በአገሩ ላይ ሹም ሆኖ ይቆያል፤ እምቢ ያለ ጦር ይመጣበታል። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ውስጥ በሰላም ገበሩ፤ በየዓመቱ ግብራቸውን እየከፈሉ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአገራቸውን ውስጥ አስተዳደር ይዘው ኖሩ። ይህ ለሌሎቹ ነገሥታት እንደ መልእክት ነበር። ዛቻ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የሚሠራው ከጎኑ ለገበረው የተደረገውን ምሕረትና ለእምቢተኛው የደረሰውን ጥፋት የሚያሳይ ምሳሌ ሲቆም ነው። ከዚህም ሌላ ኃያሉ መንግሥት የገበረውን ጎረቤት ያልገበረውን ለመውጋት ያሰልፈዋል። በወላይታ ዘመቻ ጊዜ አባ ጅፋር ራሳቸው ከነሠራዊታቸው ከምኒልክ ጎን ተሰልፈው ነበር።

ካዎ ጦና እንዲገብሩ በተጠየቁ ጊዜ እምቢ አሉ። የእምቢታቸውን ምክንያት መገመት አያስቸግርም። አገራቸው ለብዙ ዘመን በራሷ ንጉሥ የኖረች ናት፤ ከ1887 ዓ.ም. በፊት የመጡትም ጦሮች ወላይታን ሊያስገብሩ አልቻሉም። ሕዝቡም አገሩን አሳልፎ ለመስጠት የተዘጋጀ አልነበረም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጦር እንደ ቀድሞዎቹ አልነበረም። የወላይታ ሰው ጦሩና ጋሻው የአባቶቹ ነበር፤ በዚያኛው ወገን ግን ከአውሮፓ ፋብሪካ የወጣው ጠመንጃ በብዙ ሺህ ተከማችቶ ነበር። ካዎ ጦና ከባሕር ማዶ መንግሥት ጋር የሚገናኙበት በር፥ ጠመንጃ የሚገዙበትም ወደብ አልነበራቸውም።

በኅዳር ወር 1887 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ራሳቸው ሠራዊታቸውን መርተው ወደ ወላይታ ዘመቱ። ከእርሳቸው ጋር የወሎው ራስ ሚካኤልና ሌሎችም ታላላቅ የጦር አለቆች ነበሩ። የወላይታ ሕዝብ በየኬላውና በየጉድጓዱ እየተከላከለ፥ ቀን በግልጥ፥ ሌሊት በድንገት እየወጣ አጥብቆ ተዋጋ። ነገር ግን የጦርና የጠመንጃ ውጊያ ሚዛኑ እኩል አይደለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ቤትና አዝመራ ተቃጠለ፤ ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ተማረከ። በዘመቻው የነበረ ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ በማቆየቱ ነገሩ በዓለም ታውቋል፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ የደረሰው ከብት ብቻ 18,000 እንደ ነበረ ተመዝግቧል። ካዎ ጦና ሲዋጉ ቆስለው በታኅሣሥ ወር ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። በእርሳቸውም የወላይታ ነፃ ንግሥና አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወላጆቻችን ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። ሶዶ የጦር ሠራዊት የሰፈረባት ከተማ ሆነች። ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆኖ ለባለ ጠመንጃው ይገብርና ይሠራ ጀመር፤ ይህም የመሬት ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ መልኩን እየለወጠ ቆየ። አንድ ንጉሥ ለዛቻ እምቢ ባለ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ንጉሡ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፥ በሮምና በአዲስ አበባ መካከል የተጀመረው ጠብ በብላቴና በኦሞ መካከል የሚኖረውን ገበሬ ጎዳው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ወላይታ ከተያዘች ዓመት ከሦስት ወር ያህል በኋላ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምኒልክ በዐድዋ ኢጣልያን ድል አደረጉ። ይህ ድል ለመላው ጥቁር ሕዝብ ኩራት ነው፤ እኛም በየዓመቱ በደስታ እናከብረዋለን። ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ እንድናይ ያስገድደናል። ለኃያሉ ዛቻ እምቢ ያሉት ምኒልክ እና ለምኒልክ ዛቻ እምቢ ያሉት ጦና በአንድ ዘመን የኖሩ፥ አንድ ዓይነት መልስ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው ጠመንጃ፥ ወደብና የውጭ ወዳጅ ማግኘታቸው፥ ሌላው ይህን ሁሉ ማጣታቸው ነው። ስለዚህ ማሸነፍና መሸነፍ ብቻውን የትክክለኛነት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ከአርባ ዓመት በኋላም ያው ኢጣልያ ተመልሳ መጣች። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የንግድ ቅጣት ጣለ፤ ነገር ግን ለጦርነቱ ዋና የነበረውን ነዳጅ ከቅጣቱ አስወጣ፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት እንደ ሆነ ቀረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ የሙሶሊኒን ቁጣ ፈርተው፥ የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለወራሪው የሚሰጥ ዕቅድ በስውር እስከ ማዘጋጀት ደረሱ። በዚህ ጊዜ የሶዶ ሰው ጦር ካመጣበት ከሰሜኑ ሰው ጋር በአንድ ቀንበር ሥር ዋለ። ሶዶም ከኢጣልያ እጅ የወጣችው በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር፥ አንድ መንግሥት በሌላው ላይ ኃይል ማዋልን ብቻ ሳይሆን በኃይል መዛትንም ከለከለ። ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ናት። ደንቡ ዛሬም አለ፤ ጠብቆ የሚያስጠብቀው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሶቻችን ካዎ ጦና እንደ አባ ጅፋር ገብረው ሕዝባቸውን ከእልቂት ማዳን ነበረባቸው አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ በዛቻ የተገኘ ሰላም ዛቻውን ያደላድለዋል እንጂ አያቆመውም ብለን ተከራከርን። ጅማም ብትሆን በመጨረሻ የውስጥ አስተዳደሯን አጥታለችና ሁለተኛው ወገን ማስረጃ አለው፤ በወላይታ ያለቀውን ሕዝብ ያሰበ ግን የፊተኛውን ወገን በቀላሉ አይነቅፈውም። ሁላችንም የተስማማንበት ነገር ጥፋቱ አስቀድሞ ዛቻውን ከሰነዘረው ላይ መሆኑን ነው። ደግሞም የደቡብ ነገሥታት እርስ በርሳቸው ቢረዳዱ ኖሮ አንድ በአንድ ባልወደቁ ነበር፤ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ከወላይታ ሦስት ዓመት ያህል ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ብቻቸውን ተማረኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ ለታናናሽ መንግሥታት የተነገረ ይመስላል።

ዛሬ ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ናት። በትምህርት ቤታችን ወንበሮች ላይም የካዎ ጦና ወታደሮች የልጅ ልጆችና ከምኒልክ ሠራዊት ጋር መጥተው በሶዶ የቀሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይማራሉ። ይህ ታሪክ የሁለቱም ነው። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በቂም ሳይሆን በእውነት እናንብበው። ነገ ከመካከላችን አንዱ ዳኛ፥ ሌላው የጦር መኮንን፥ ሌላዋ አምባሳደር ትሆናለች። ያን ጊዜ ከእርሱ የሚበልጥ ኃይለኛ የዛተበት ሰው ካዎ ጦናን አስቦ ይጽና፤ ከእርሱ የሚያንስ ሰው በፊቱ የቆመ ግን ካዎ ጦናን አስቦ እጁን ይሰብስብ።