ባለ አንድ እጁ ኬሚስት፦ ጀምስ ሰምነር

የላብ ውጤት እምቢ ሲለኝ ጀምስ ሰምነርን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደ። ግራኝ ነበር፤ በ17 ዓመቱ ግን አደን ላይ በደረሰበት አደጋ ያንኑ ግራ እጁን አጣ። በአንድ እጅ ኬሚስትሪ አይሆንም ቢሉትም አልሰማም። ቀኙን አለማመደና በ1914 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያዘ።

ኢንዛይም፣ እንደተማርነው፣ ሪአክሽን ለመጀመር የሚያስፈልገውን ጉልበት አሳንሶ ያፋጥናል፤ ራሱ ግን አያልቅም። ከምን እንደተሠራ ግን ያኔ በውል አይታወቅም ነበር። ሰምነር በ1917 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዩሪኤዝን ለብቻው ለይቶ ለማውጣት ተነሳ። ዩሪኤዝ ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይር ኢንዛይም ነው። ያወጣውም ጃክ ቢን ከሚባል ጥራጥሬ ነው። 9 ዓመት ፈጀበት! በ1926 ክሪስታሉን አገኘና ኢንዛይሙ ፕሮቲን ነው አለ።

ታዋቂው ጀርመናዊ ኬሚስት ዊልሽቴተር ግን አልተቀበለውም። ኖርዝሮፕ በ1930 ፔፕሲንን ክሪስታል ሲያደርግ ነገሩ ወደ ሰምነር አዘነበለ። በ1946 ሁለቱ ከስታንሊ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሰምነር በ1955 አረፈ።

ዛሬ አንዳንድ አርኤንኤም ሪአክሽን እንደሚያፋጥን እናውቃለን፤ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ግን እሱ እንዳለው ፕሮቲን ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ ሳይሆን፣ ሳይታመን የቆየባቸው ዓመታት ናቸው። እሱ 9 ዓመት ከታገሰ፣ እኔማ አንድ ሙከራ ብደግም ምን አለበት?