ዴንማርክን ለ19 ዓመታት የመሩት ኤስትሩፕ
ወግ አጥባቂው የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ያኮብ ኤስትሩፕ እ.ኤ.አ በ1825 በሶሮ ከተማ ተወለዱ። የሰፊ ርስት ባለቤት የነበሩት ኤስትሩፕ ከ1865 እስከ 1869 የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ የባቡር መስመሮች እንዲስፋፉ አድርገዋል፤ የኤስብዬርግ ወደብ እንዲገነባም በ1868 በሕግ ተወስኗል።

በ1875 የመንግሥት መሪነቱን ሲረከቡ የገንዘብ ሚኒስትርነቱንም ደርበው ያዙ። በታችኛው ምክር ቤት አብላጫው መቀመጫ የተቃዋሚዎች ነበር። ኤስትሩፕ ግን በንጉሥ ክርስቲያን 9ኛና በላይኛው ምክር ቤት ድጋፍ፣ መንግሥት ተጠሪነቱ ለንጉሡ ነው በሚለው አቋማቸው ጸኑ።

የታችኛው ምክር ቤት በጀቱን ባለማጽደቁ ከ1885 እስከ 1894 የአገሪቱ ወጪ በጊዜያዊ ሕግ ሲሸፈን ቆየ። ኮፐንሀገንን ለመከላከል የታቀዱት ምሽጎችም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ መገንባት ጀመሩ። ይህም ከፍተኛ ቅሬታ አስነሣ። በ1885 በኤስትሩፕ ላይ በጥይት የተቃጣው የግድያ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቷል።

በ1894 ሁለቱ ወገኖች በበጀቱ ላይ ሲስማሙ ኤስትሩፕ ሥልጣን ለቀቁ። ከእርሳቸው ወዲህ በዴንማርክ ያን ያህል ዘመን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆየ የለም። ሆኖም በ1901 ንጉሡ የታችኛው ምክር ቤት አብላጫ ወገን መንግሥት እንዲመሠርት በመፍቀዳቸው፣ ኤስትሩፕ የተሟገቱለት አሠራር እርሳቸው በሕይወት እያሉ ተሽሯል። ኤስትሩፕ በ1913 በ88 ዓመታቸው አርፈዋል።