አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ፤ በእጃቸው ጽሕፈት አገር ያስተማሩ አባት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሲሪንቃንና መርሳን አልፎ፣ ውርጌሳንና ውጫሌን ተሻግሮ ሲወርድ የሐይቅን ባሕር ያያል። የሐብሩና የወልድያ ምእመን ይህን መንገድ ለገበያም ለንግሥም ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል። በዚያ ባሕር ላይ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ግን በአንድ መነኵሴ የእጅ ሙያ ምክንያት ለብዙ አገር ትምህርት ቤት ሆኖ እንደ ነበረ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኒያም መነኵሴ አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1214 ዓመት ገደማ በዳህና ተወለዱ። ዕድሜያቸው 30 ዓመት ያህል በሆነ ጊዜ ወደ ትግራይ ሄደው በደብረ ዳሞ ለአባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ሆኑ። በዚያም ከጾምና ከጸሎት ጋራ ለእርሳቸው የተሰጠው ሥራ መጻሕፍትን መገልበጥ ነበረ። ይህም ሥራ ቀላል አይደለም። የፍየል ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ወጥሮና ፍቆ ብራና ማውጣት፣ ከጥቀርሻ ቀለም መበጥበጥ፣ የመቃ ብርዕ መቅረጽ፣ ከዚያም በኋላ አንድ ፊደል ሳይስቱ አጎንብሶ መዋል፣ ዓይንን የሚያደክም ወገብንም የሚያጎብጥ ነው።

በዚያ ዘመን በአምሐራና በሸዋ ያለ ሰው ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ እንደ ሆነ ወደ ሰሜን ወደ ሩቁ ገዳም መሄድ ነበረበት። አቅም የሌለው በየአገሩ ሳይማር ይቀር ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ መጻሕፍትና መምህራን በሞሉበት በደብረ ዳሞ ተቀምጠው ለነፍሳቸው ብቻ መኖር ይችሉ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ከተቀመጡ በኋላ ትምህርቱ ወደ ጐደለበት አገር ተመለሱ፤ በ1248 ዓመት ገደማም በሐይቅ እስጢፋኖስ ማኅበር አቁመው ማስተማር ጀመሩ።

መምህር ያለ መጽሐፍ ብዙ እንደማይሄድ ስላወቁ ብርዓቸውን አላስቀመጡም። ለገዳሙ የሰጡት መጻሕፍት ቍጥር 85 እንደ ነበረ ተመዝግቧል። ከእነዚህም መካከል በስማቸው የሚጠራው፣ በ1280 ዓመት ገደማ የተጻፈው አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በእርሳቸው እግር ሥር ብዙ ዓመት ተማሩ፤ ከዚያም በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። በጣና ባሕር የዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም የእርሳቸው ደቀ መዝሙር እንደ ነበሩ ይነገራል። በ1270 ዓመት የነገሡት አፄ ይኩኖ አምላክም በዚያ እንደ ተማሩ በትውፊት ይተረካል። ከዘመናቸው በኋላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ታላቅ ክብር አገኘ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ግን የደከሙት ለዚህ ክብር አልነበረም። በ1293 ዓመት ገደማ ሲያርፉ የተዉት ርስት ብራና የተጻፈበት መጽሐፍና የተማረ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች።

ጌታ መክሊቱን በመሬት የቀበረውን አገልጋይ የወቀሰው ስለ ሰረቀ ወይም ስላጠፋ አይደለም፤ ሳይሠራበት ስለ መለሰ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ የተሰጣቸው አንድ ብርዕ ነበረ፤ ያንንም ወደ ጐደለበት አገር ይዘው ስለ ሄዱ አንዱ ብርዕ ብዙ ገዳም ወለደ። በደብሩ ድምፁ የሚያምር ዜመኛ፣ ድንጋይ የሚጠርብ ግንበኛ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ለሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ከእጁ ያለው አነሰ ብሎ እንዳይቀብረው የሐይቁ አባት ሕይወት ያስተምረዋል።